አሮጌውን የጌም ኮምፒውተሬን ላሻሽለው ወይስ በሌላ ልቀይረው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው አዳማ ነው። ከ3 ዓመት በፊት ዩዝድ የገዛሁት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7020 አለኝ፤ ትልቁ ኬዝ ነው። ውስጡ ኮር አይ5-4590፣ 8 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ እና 2 ጊጋ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ አለ። ማታ ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር እየተፈራረቅን እንጫወታለን። አሁን ግን ጂቲኤ 5 ላይ መኪና በፍጥነት ስነዳ ስታክ ያደርጋል። ካውንተር-ስትራይክ 2 ላይ ጭስ ሲወረወርና ሰው ሲበዛ ይንቀራፈፋል። ወንድሜ የሚወደው የእግር ኳስ ጌም፣ ኤፍሲ 24፣ ደግሞ ጨርሶ አላጫውት ብሎናል። አንድ ሱቅ፣ ያንቺን ስጪኝና 45,000 ብር ጨምረሽ መብራት ያለው “ኮር አይ7 ጌሚንግ” ውሰጂ ብሎኛል። ያጠራቀምኩት 20,000 ብር ነው፤ በሚቀጥለው ወር ዕቁብ ስለሚደርሰኝ እሱን ልጨምርበት ወይ እያልኩ ነው። አክስቴ ደግሞ ለፋሲካ ከቨርጂኒያ ትመጣለች፤ አንድ ዕቃ አመጣልሻለሁ ብላኛለች። ምን ላስመጣ? እናቴ “ለጨዋታ ይሄ ሁሉ ብር!” እያለች ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ዕቁብሽን አትንኪው። ያጠራቀምሽውና አክስትሽ የምታመጣልሽ አንድ ዕቃ ተደምረው ለጠየቅሽው ነገር ይበቃሉ። የሱቁንም ሐሳብ ተዪው። ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ቀኖቹንና ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

“ኮር አይ7” የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ቁም ነገሩ ያለው ከስሙ ቀጥሎ ባለው ቁጥር ላይ ነው። ያንቺ 4590 ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያለው 4 አራተኛ ትውልድ መሆኑን ይናገራል፣ በ2014 የወጣ ነው። አይ7-2600 የሚባለው ደግሞ በ2011 የወጣ ነው። እሱን አዲስ ኬዝ ውስጥ ከትቶ፣ በቀይና በሰማያዊ መብራት አስጊጦ “ጌሚንግ” ብሎ መሸጥ ለማንም አይከብድም። ስሙ አይ7 ነው፣ ዕድሜው ግን ካንቺው ይበልጣል። በ2022 የወጣውን አይ3-12100 ብዙ ሰው “አይ3” ስለተባለ ብቻ ይንቀዋል፤ ጌም ላይ ግን ሁለቱንም ጥሏቸው ይሄዳል። ስለዚህ ወደፊትም ማንም “አይ7 ነው” ሲልሽ “ሙሉ ቁጥሩን ጻፍልኝ” በዪው። ቁጥሩን መናገር የማይፈልግ ሻጭ ከሆነ አመስግነሽ ውጪ።

በእንዲህ ያለ ጉዳይ እኔ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ። ይህ የምገዛው ዕቃ ነገ ኮምፒውተሩን ስቀይር አብሮኝ ይሄዳል ወይስ እዚሁ ይቀራል? ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ፈንታ የሚገባው ፈጣኑ ማከማቻ) አብሮሽ ይሄዳል። ግራፊክስ ካርድ አብሮሽ ይሄዳል። ያንቺ ዲዲአር3 ራም ግን አይሄድም፤ የአሁኖቹ ማዘርቦርዶች ዲዲአር4 ወይም ዲዲአር5 ስለሆኑ ማስገቢያው ራሱ አይቀበለውም። ፕሮሰሰሩም አይሄድም። ለሚሄደው ደህና ብር አውጪ፣ ለሚቀረው እጅሽን ሰብሰብ አድርጊ። ዐሥር ዓመት ባለፈው ኮምፒውተር ላይ ብር የሚባክነው ሰው ይህን ሳይለይ ሲቀር ነው።

አሁን ወደ ችግሩ እንግባ። ሳይመረመሩ መድኃኒት እንደመግዛት እንዳይሆንብሽ፣ አንድ ብር ሳታወጪ በፊት ኮምፒውተሩ የት ላይ እንደደከመ እዪ። ጌሙ መንቀራፈፍ ሲጀምር ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። “ፐርፎርማንስ” የሚለውን ስትነኪ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ሜሞሪ (ራሙ)፣ ዲስክና ጂፒዩ (ግራፊክስ ካርዱ) ለየብቻ በግራፍ ይታዩሻል። ስታክ በሚያደርግበት ቅጽበት የትኛው 100 ፐርሰንት ላይ ተለጥፎ እንደቀረ ተመልከቺ። ሦስቱም ጌሞች ላይ ሞክሪውና ጻፊው። ከደብዳቤሽ እንደገመትኩት ከሆነ ሦስቱ ጌሞች የሚያሳዩሽ ሦስት የተለያየ ነገር ነው።

ጂቲኤ 5 ላይ ጥፋቱ የሃርድ ዲስኩ ይመስለኛል። መኪና በፍጥነት ስነዳ ነው ያልሽው፣ ትልቁ ፍንጭ እሱ ነው። የጌሙ ከተማ ሰፊ ስለሆነ ሁሉም ነገር በአንዴ ራም ላይ አይጫንም። አንቺ ስትነጂ ጌሙ ከፊትሽ ያለውን መንገድ፣ ሕንፃና መኪና ከዲስክ እያነበበ ያመጣልሻል። በእግር ስትሄጂ ሃርድ ዲስኩ ይደርሳል። 200 ስትነጂ ግን ትቀድሚዋለሽ። አስፋልቱ ደብዝዞ የሚታየው፣ ሕንፃው ከአጠገብሽ ድንገት ብቅ የሚለው፣ ከዚያም ሁሉም ነገር ለአፍታ ቀጥ የሚለው ለዚህ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና እሱ ላይ እየተመላለሰ የሚያነብ ጭንቅላት አለ። ፋይሉ አንድ ቦታ ተደርድሮ ከተገኘ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ያነባል፤ የተበታተነ ከሆነ ግን ጭንቅላቱ ወዲያና ወዲህ ሲል ፍጥነቱ ይሞታል። ሳታ በሚባለው ገመድ የሚሰካ ኤስኤስዲ በሰከንድ 500 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል። ከዚያ በላይ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው የተበታተነውንም ወዲያው ያገኘዋል። በመጋቢት 2025 የወጣው የተሻሻለው ጂቲኤ 5 ኤስኤስዲን የግድ ብሎ ጠይቋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ግዢሽ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ይሁን፤ 480 ወይም 500 ጊጋ። ያንቺ ማዘርቦርድ ላይ የኤም.2 ማስገቢያ ስለሌለ ቀጭኗን ኤም.2 እንዳትገዢ። ከ20,000 ብርሽ ትልቁን ድርሻ ለዚህ ስጪ። ስሙ የማይታወቅ፣ ዋጋው ደግሞ ከሌሎቹ ሁሉ በግማሽ የወረደ ኤስኤስዲ ካየሽ እለፊው። ዩዝድ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም እዚያው ሱቅ ውስጥ አስከፍቺ፤ የዲስኩን ጤና በፐርሰንት፣ ስንት ሰዓት እንደሠራም ያሳይሻል። የሳታ ዳታ ገመድ ትርፍ ከሌለሽ እሱንም እዚያው ግዢ፤ ሰው ቤቱ ደርሶ የሚያስታውሰው ዕቃ ነው።

ስትገጥሚው አሮጌውን ዲስክ ነቅለሽ ዊንዶውሱን ኤስኤስዲው ላይ እንደ አዲስ ጫኚ። አሮጌውን ሳይነቅሉ ሲጭኑ ዊንዶውስ አንዳንዴ መነሻ ፋይሉን አሮጌው ላይ ያስቀምጥና በኋላ ያኛው ሲወጣ አልነሳም ይላል። ከዚያ አሮጌውን መልሰሽ ሰክተሽ ለፊልም፣ ለፎቶና ለማትጫወቻቸው ጌሞች ማስቀመጫ አድርጊው። ጌሞቹን ደግሞ እንደገና ዳውንሎድ ለማድረግ ፓኬጅ እንዳትገዢ! ኤፍሲ 24 ብቻውን 100 ጊጋ ቦታ ይጠይቃል፤ ያን በሞባይል ዳታ ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ስቲምን (ጌሞቹ የሚወርዱበትን ፕሮግራም) ኤስኤስዲው ላይ ጫኚ፣ ሴቲንግ ውስጥ “ስቶሬጅ” የሚለውን ከፍተሽ አሮጌው ዲስክ ላይ ያለውን የጌም ፎልደር አሳዪው፣ ከዚያ ጌሙን መርጠሽ ወደ ኤስኤስዲው አዛውሪው። አንድ ሜጋ ሳይቆርጥብሽ ያልቃል። ትንሽ አፕዴት ብቻ ይጠይቅሽ ይሆናል።

ራሙን አጭር አደርገዋለሁ። ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቺና “ሜሞሪ” የሚለው ገጽ ላይ ቻናሉ ነጠላ ነው ወይስ ድርብ የሚለውን እዪ። 8 ጊጋው በአንድ ቁራጭ ከሆነ ነጠላ ይልሻል፤ ያኔ ተመሳሳይ ሌላ 8 ጊጋ ጨምረሽ 16 ስታደርጊው መጠኑ ብቻ ሳይሆን ፕሮሰሰሩና ራሙ የሚገናኙበት መንገድም እጥፍ ይሆናል። ያገለገለ ዲዲአር3 ርካሽ ነው፤ ብዙ አታውጪበት፣ አብሮሽ አይሄድምና። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቂ። “ኢሲሲ ሬጅስተርድ” የሚል ጽሑፍ ያለው የሰርቨር ራም ነው፣ ርካሽ ነው፣ ያንቺ ላይ አይሠራም። “ለኤኤምዲ ብቻ” ተብሎ የሚሸጠውም ኢንቴል ላይ አይነሳም። ይዘሽው ከመሄድሽ በፊት ሲነሳ በዓይንሽ እዪ።

ኤፍሲ 24 በዋናነት የካርድ ጉዳይ ይመስለኛል። የጌሙ አምራች ራሱ ዝቅተኛ ብሎ ያስቀመጠው ባለ 4 ጊጋ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይን ነው። ያንቺ 750 ቲአይ በየካቲት 2014 የወጣ፣ 2 ጊጋ ብቻ ያለው ነው። ባለውለታሽ ነው፤ 60 ዋት ብቻ እየበላ እስከዛሬ አጫውቶሻል። ግን ጊዜው አልፏል። የካርዱ አምራች ኤንቪዲያም ለእሱ ትውልድና ከእሱ ቀጥሎ ለመጣው፣ 1050 ቲአይንና 1060ን ጨምሮ፣ በየጌሙ የሚያወጣውን ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስና ከጌሙ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ ከዚያ ወዲህ የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ማንም 1050 ቲአይ ወይም 1060 በጥሩ ዋጋ አገኘሁልሽ ቢልሽ አሁን የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

አክስትሽ የምታመጣው ይሄን ነው፤ ካርድ። የትኛውን ካርድ የሚለው ላይ ግን ቀስ ብለን እንሂድ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ያንቺ ዴል ፓወር ሰፕላይ 290 ዋት ነው። ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ የለውም። በሌላ ልቀይረው እንዳትዪ፣ ማዘርቦርዱ የሚቀበለው የዴልን የራሱን ባለ 8 ፒን ሶኬት እንጂ የተለመደውን ባለ 24 ፒን አይደለም። መቀየሪያ ገመድ አለ፣ ግን አሁን እዚያ ውስጥ መግባት አያስፈልግሽም። ካርዱ የሚሰካበት ማስገቢያ በራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ስለዚህ ካንቺ ኮምፒውተር ጋር የሚስማማው ካርድ ከ75 ዋት የማይበልጥና ምንም ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ነው። አርኤክስ 580 ቢያቀርቡልሽ አትውሰጂ፤ 185 ዋት ይፈልጋል። ሻጩ “ችግር የለም፣ ከሳታ ገመድ ወደ ካርድ የሚያዞር አዳፕተር አለ” ሊልሽ ይችላል። እባክሽ እሱን አትቀበዪው። የሳታ የኃይል ሶኬት የሚችለው 54 ዋት ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሲጫንበት ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳትም ያስነሳል። ቤት ውስጥ ሕፃን ወንድም ይኑርሽ ትልቅ፣ በዚህ አይቀለድም።

የኔ ምርጫ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው ነው። በየካቲት 2024 የወጣ፣ 70 ዋት የሚፈልግ ካርድ ነው። እዚህ ጋ ግን ለአክስትሽ በደንብ አስረጂያት፦ አርቲኤክስ 3050 ተብሎ ባለ 8 ጊጋም አለ። ስማቸው አንድ ነው፣ ባለ 8ቱ ግን 130 ዋት ይፈልጋል፤ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የግድ ነው። ሱቅ ውስጥ ያለ ሰው “8 ከ6 ይሻላል” ብሎ ቢመክራትና ልታስደስትሽ ብላ ትልቁን ብትገዛው፣ አዳማ ደርሶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። በጽሑፍ ላኪላት፤ “ባለ 6 ጊጋ፣ ጫፉ ላይ የኃይል ሶኬት የሌለው፣ አንድ ፋን ያለው አጭሩ”። ፎቶውን ልካልሽ አይተሽ ትግዛው። እሱ ከከበዳት ጂቲኤክስ 1650 ይበቃሻል፤ 4 ጊጋ ነው፣ 75 ዋት ነው፣ ድራይቨሩም አልተቋረጠም። ከ1650ዎቹ ውስጥ ግን ባለ 6 ፒን ሶኬት የተጨመረባቸው ስላሉ እዚህም ፎቶው ይታይ። አርኤክስ 6400 ብዙ ኃይል አይፈልግም፣ 53 ዋት ብቻ ነው፤ ሆኖም ለአዳዲስ ማዘርቦርዶች ታስቦ በ4 መስመር ብቻ ስለሚገናኝ እንዳንቺ ባለ አሮጌ ላይ የተወሰነ አቅሙን ይጥላል። ሦስተኛ ምርጫ ይሁን።

ከማዘዝሽ በፊት ሁለት ነገር ቤትሽ ውስጥ አረጋግጪ። ኬዙን ከፍተሽ ከኋላው ብረት እስከ ሃርድ ዲስኩ መያዣ ድረስ ያለውን ክፍት ቦታ በማስመሪያ ለኪ፤ የካርዱ ርዝመት ከዚያ መብለጥ የለበትም። ሁለተኛው ሞኒተርሽ ነው። ከቢሮ የወጣ አሮጌ ሞኒተር ከሆነና ያለው ሰማያዊው ቪጂኤ ሶኬት ብቻ ከሆነ፣ አዲሱ ካርድ ላይ የሚሰካበት ቦታ የለውም። 750 ቲአይ ላይ የምትጠቀሚበት ትንሽ የዲቪአይ መቀየሪያም አያገለግልም። ሲግናሉን ራሱ የሚቀይር ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ አዳፕተር ያስፈልግሻል፤ ቀላል ዕቃ ነው፣ መርካቶም መገናኛም አይጠፋም። ሞኒተርሽ ትንሽና 1600 በ900 ከሆነ ደግሞ ደስ ይበልሽ፤ ካርዱ የሚሥለው ነጥብ ስለሚቀንስ 1650 እንኳ አይጨነቅም።

ካውንተር-ስትራይክ 2 ላይ ሁለት ነገር ተደባልቋል። ጭሱ ካርዱን ይፈትናል፣ የሰው ብዛት ፕሮሰሰሩን። ለመለየት የጌሙን ሬዞሉሽን ወደ ዝቅተኛው አውርጂና ያንኑ ማፕ ተጫወቺ። ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታይሽ የምስል ብዛት) በደንብ ከጨመረ ያነቀው ካርዱ ነው፤ አዲሱ ሲመጣ ይፈታል። ምንም ካልጨመረ ፕሮሰሰሩ ነው። ያንቺ አይ5 አራት ኮር ብቻ ነው፣ አራት ሥራ በአንዴ ይይዛል፤ ጌሙ ራሱ ዝቅተኛ ብሎ የሚጠይቀውም አራቱን ነው። ስለዚህ ክሮምን፣ ቴሌግራምንና ከበስተጀርባ የሚሠራውን ሁሉ ዘግተሽ ሞክሪ፣ ይህ በነፃ ነው። ከዚያም ካልበቃሽ ማዘርቦርድሽ አይ7-4790ን ይቀበላል፤ ኮሩ ያው አራት ሆኖ ስምንት ሥራ በአንዴ ይይዛል፣ የሚፈልገው ኃይልም ካንቺው እኩል 84 ዋት ነው። ግን የመጨረሻው ግዢ ይሁን። ኤስኤስዲውና ራሙ ተገዝተው ብር ከተረፈሽ፣ ያገለገለም በርካሽ ካገኘሽ ብቻ። አብሮሽ የማይሄድ ዕቃ መሆኑን አትርሺ።

ስለ ሙቀት ዝም ብዬ ባልፍ ደስ አይለኝም። አዳማ ሞቃት ነው፣ አቧራውም አይጣል ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል አየሩም ሳሳ ይላል፤ ሳሳ ያለ አየር ደግሞ ፋኑ የዚያኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። 100 ዲግሪ ሲነካ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አንቺ ጌሙ ከበደ ትያለሽ፣ እሱ ግን ሙቀት ነው። ኤችደብልዩ ሞኒተር የሚባለውን ፕሮግራም ከፍተሽ እየተጫወትሽ ዲግሪውን እዪ። 90 የሚደርስ ከሆነ ኬዙን ከቤት ውጪ አውጥተሽ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አራግፊ፤ የፋኑን ክንፍ በጣትሽ ያዢው፣ አታሽከርክሪው። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ከዓመታት በኋላ እንደ ጭቃ ስለሚደርቅ ጠርገሽ አዲስ ቀቢ። ኬዙን መሬት ላይ ወይም ግድግዳ ላይ አስጠግተሽ አታስቀምጪው። ይህ ሁሉ የሚያስወጣሽ የአንዲት ቱቦ ፔስት ዋጋ ነው።

አዲሱ ካርድ ከመምጣቱ በፊት የማዘርቦርዱን ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን ውስጣዊ ፕሮግራም) ከዴል ገጽ ላይ ወደ መጨረሻው ማሳደግ ጥሩ ነው፤ አሮጌ ባዮስ አዲስ ካርድ ላይቀበል ይችላል። ግን ባዮስ እየተጫነ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚይዝ ባትሪ) ያለው ጓደኛ ቤት ወይም ቢሮ ወስደሽ ሥሪው። “ዛሬ መብራት አይጠፋም” ብሎ ማንም አያስተማምንሽም። ኤስኤስዲም ቢሆን እየጻፈ ድንገት ኃይል ሲቋረጥበት አይወድም፤ ወደፊት ሌላ ብር ስታጠራቅሚ ከጌም ዕቃ ይልቅ ትንሽ ዩፒኤስ ብትገዢበት ለቤቱም ይጠቅማል።

ዊንዶውስን በተመለከተ፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን ነው፣ ያንቺ አራተኛ ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተሽ ከተመዘገብሽ የደኅንነት ማስተካከያው እስከ ጥቅምት 2026 ይቀጥልልሻል። ይሄም ፕሮሰሰሩ ላይ ብዙ ብር አታፍስሺ የምልሽበት ሌላው ምክንያት ነው። ያኔ ወይም ከዚያ በኋላ ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰርና ራም ብቻ ስትቀይሪ ካርድሽና ኤስኤስዲሽ አዲሱ ቤታቸው ይገባሉ፤ ሙሉ ኮምፒውተር ከመግዛት ግማሽ መንገድ ሄደሻል ማለት ነው።

አክስትሽ ካርዱን ማምጣት ባትችልና እዚህ ገበያ ብትገቢ አንድ ነገር ያዢ። ያረጀ ካርድ ባዮሱ ተቀይሮ በአዲስ ስም የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙውን ያጋልጠዋል፤ ስሙ ፊት “ፌክ” ብሎ ይጽፍብሻል። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው ተብሎ የቪጂኤ ሶኬት ያለው ካርድ ካየሽም ተጠራጠሪ፤ ያ ትውልድ ያንን ሶኬት ትቶታል። በቴሌግራም አይተሽ የወደድሽውን ብር ቀድመሽ አትላኪ። ሄደሽ፣ ሰክተሽ፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ ከባድ ነገር አስጫኝተሽ፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር አለመኖሩን አይተሽ ክፈዪ። ለጥቂት ቀን የሙከራ ጊዜም በጽሑፍ አስፈርሚ።

እናትሽ የሚሉትን አትናቂው። እሳቸው የፈሩት ብሩ ሲፈስ ነው። “ዕቁቡን አልነካም፣ ካጠራቀምኩት አልወጣም፣ ከምገዛው ውስጥ ዋናው ነገ ለሥራም የሚሆን ነው” ብለሽ ቁጭ ብለሽ ብታስረጃቸው ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ። ኤስኤስዲ ያለው ኮምፒውተር ለኤክሴልም፣ ለወንድምሽ ትምህርትም ሌላ ኮምፒውተር ነው። አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ ልበልሽ። ታናሽ ወንድምሽ ማታ ማታ ሌላ ቦታ ሳይሆን ካንቺ አጠገብ ተቀምጦ ተራውን እየጠበቀ ነው። ለዚያ የወጣ ብር እንደባከነ አልቆጥረውም።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ጽዳትና ታስክ ማናጀር፣ ቀጥሎ ኤስኤስዲ፣ ከዚያ ራሙ። ለካርዱ ፋሲካን ጠብቂ። አክስትሽ ሣጥኑን በሻንጣ ሳይሆን በእጇ ይዛው ትግባ፣ ደረሰኙንም አትጣለው። ስትደርስ እንግድነቱና ዶሮው ይቆይና በመጀመሪያው ሁለት ሦስት ቀን ካርዱን ሰክተሽ ሦስቱንም ጌም ለረጅም ሰዓት ተጫወቺበት። እንከን ካለው እሷ ስትመለስ ይዛው ሄዳ ትቀይረዋለች፤ ከሄደች በኋላ ከተገኘ ግን ከአዳማ ወደ ቨርጂኒያ መመለስ ከካርዱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።